የ14 ደቂቃው መዘግየት የት ገባ? ስለ አንድ የማርስ ፊልም የቀረበ ጥያቄ

ጠያቂ፦ የጣና ዳር ተመልካች

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አይተን፣ እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ሲያከራክረን ሰነበተ። ፊልሙን ያገኘሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ አካባቢ ካለ አንድ ፊልም ማስጫኛ ቤት በፍላሽ አስጭኜ ነው። በአማርኛ የተተረከ ትርጉም ፊልም ስለሆነ የመጀመሪያ ስሙ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በምትኩ ሌላ የአማርኛ ስም ተሰጥቶታል። ያ ስም ከታሪኩ ጋር የማይገናኝ በመሆኑ ብጠቅሰውም አይጠቅማችሁም፤ ታሪኩን ከነገርኳችሁ ግን ያያችሁት ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ማርስ ላይ በተሠራ ጣቢያ ውስጥ አምስት ሰዎች ይኖራሉ። የጣቢያው አዛዥ ሴት ናት፤ ባሏ ደግሞ ምድር ላይ በመገናኛ ክፍሉ ውስጥ ይሠራል። ፊልሙ ገና ሲጀምር የጣቢያው ሐኪም ሞቶ ይገኛል፤ አስከሬኑ ሲጠቀለልና መጠቅለያው ቁጥር ተጽፎበት ሲታሸግ በዓይናችን እናያለን። ከቀሩት አራት ሰዎች አንዱ ገዳይ መሆን አለበት ማለት ነው። እዚህ ላይ ፊልሙ አንድ ሕግ ያወጣል። ባልየው ለአዲስ ባልደረባው ሲያስረዳ፣ ከማርስ የተላከ ድምፅና ምስል ምድር እስኪደርስ 14 ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ከምድር የሚላከውም እንዲሁ 14 ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ስለዚህ አንድ ነገር ጠይቆ መልሱን ለመስማት 28 ደቂቃ መጠበቅ ግድ እንደሆነ ይናገራል።

ይህ ሕግ በፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ውስጥ ያመጣውን ውጤት እስካሁን አልረሳሁትም። ባልየው ስክሪኑ ላይ ሚስቱን እያየ ሳለ ከጀርባዋ ያለው በር ቀስ ብሎ ይከፈታል። እርሷ ጽሑፍ ላይ አቀርቅራለች፤ አልሰማችም። ባልየው ብድግ ብሎ ስሟን ጠርቶ ይጮኻል። ወዲያው ግን አፉን በእጁ ይይዛል፤ ምክንያቱም የሚያየው ነገር ከ14 ደቂቃ በፊት የሆነ ነው፤ ጩኸቱም የሚደርሳት ገና ከ14 ደቂቃ በኋላ ነው። ምስሉ ይቋረጣል። ባልየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ሌላ ምንም የለም፤ ሰውየውና ሰዓቱ ብቻ። እህቴ ክንዴን ጨምድዳ እንደያዘችኝ ያወቅሁት ትዕይንቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያሳዘነኝ። በሁለተኛው አጋማሽ ባልና ሚስቱ በስክሪን ፊት ለፊት ሆነው ይጨቃጨቃሉ፤ እርሱ ሲናገር እርሷ ታቋርጠዋለች፤ እርሷ ስታለቅስ እርሱ ያጽናናታል። መዘግየቱ የት እንደ ደረሰ የሚናገር ሰው የለም፤ ተራኪው ብቻ በመሃል «አዲስ መሣሪያ ስለተገጠመ ምልክቱ ፈጥኗል» ብሎ ያልፋል። ለ9 ሰዓት ብቻ የሚበቃ ኦክስጅን ቀረ ተብሎ ከተነገረን በኋላ ሰዎቹ ሁለት ጊዜ ተኝተው ይነሳሉ። ገዳዩ ደግሞ አስከሬኑ ሲታሸግ ያየነው ሐኪም ሆኖ ይገኛል፤ እንዴት ተረፈ የሚለውን ማንም አይጠይቅም። በመጨረሻም ጣቢያው ሊፈነዳ 10 ሰከንድ ሲቀረው ባልየው ከምድር ሆኖ የበሩን መክፈቻ ቁጥር ይነግራታል፤ እርሷም ቁጥሩን አስገብታ ትድናለች።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጉድለቱ የፊልሙ ነው፣ የትርጉሙ ነው ወይስ እኛ ያልገባን ነገር አለ? እህቴ 11ኛ ክፍል ናት፤ ፊልሙ ተበላሽቷል ባይ እርሷ ናት። እኔ ደግሞ ያን ያህል የለፉ ሰዎች በዚህ ደረጃ ይሳሳታሉ ብሎ ማመን ከብዶኛል።

መልስ 1፦ የፊዚክስ መምህር

ጠያቂው ወንድሜ፣ እህትህ ልክ ናት። እኔም ፊልሙን አይቼዋለሁ። በሙያዬ ከሚመለከተኝ ነገር ልጀምር።

የሬዲዮ ሞገድ ከብርሃን ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 14 ደቂቃ ማለት 840 ሰከንድ ስለሆነ ይህ ምልክት የሚሸፍነው ርቀት ወደ 252 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ምድርና ማርስ ሁለቱም ፀሐይን እየዞሩ ስለሚጓዙ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲጠብ ወደ 55 ሚሊዮን፣ ሲሰፋ ደግሞ ወደ 400 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት መዘግየቱ ከ3 ደቂቃ እስከ 22 ደቂቃ ይለዋወጣል። ስለዚህ 14 ደቂቃ የተባለው በዘፈቀደ የተጣለ ቁጥር አይደለም። የመጀመሪያውን አጋማሽ የጻፈው ሰው ጉዳዩን አጥንቶታል፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው። ጭራሽ የማያውቅ ሰው ቢስት ባልከፋኝ።

«አዲስ መሣሪያ ስለተገጠመ ምልክቱ ፈጥኗል» የሚለው አባባል ለምን እንደማይሠራ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ወደ ሐይቁ ዳር እወስዳቸዋለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ደመናው ጠቁሮ መብረቅ ሲብለጨለጭ፣ ብልጭታውን ካዩበት ቅጽበት ጀምረው ነጎድጓዱ እስኪሰማቸው ድረስ ሰከንዶችን እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ እያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ዘጠኝ የቆጠረ ልጅ መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ እንደ ወደቀ ያውቃል። ይህን ጊዜ የሚወስነው በልጁና በመብረቁ መካከል ያለው መንገድ ነው እንጂ የልጁ ጆሮ አይደለም፤ የተሻለ ጆሮ ያለው ልጅ ነጎድጓዱን አጥርቶ ይሰማዋል፣ ቀድሞ ግን አይሰማውም። መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ የደረሰውን ምልክት ማጥራት ይችላል፣ ያልደረሰውን ማምጣት አይችልም።

አንዳንድ ሰው «በኳንተም ቁርኝት ይሆናል» ሊል ይችላል። ሁለት ቅንጣቶች ሲቆራኙ የአንዱ የልኬት ውጤት ከሌላው ውጤት ጋር የሚዛመድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለኪው መምረጥ ስለማይችል በዚያ መንገድ መልእክት መላክ አይቻልም። ሁለቱ ውጤቶች መዛመዳቸውን ለማወቅ እንኳ ለኪዎቹ በተለመደው መንገድ መነጋገር አለባቸው፤ ያ ደግሞ ከብርሃን አይፈጥንም።

እውነተኛው ነገር ራሱ ከፊልሙ ይበልጥ የሚያስጨንቅ መሆኑን ልጨምር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ስታርፍ፣ ወደ ማርስ አየር ከገባችበት ሰዓት መሬት እስክትነካ የፈጀባት 7 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ ምልክቷ ምድር ለመድረስ ግን 11 ደቂቃ ያህል ይፈልግ ነበር። ስለዚህ «አሁን አየሩ ውስጥ ገባች» የሚለው ዜና ለመሐንዲሶቹ ሲደርስ እርሷ አንድም በሰላም አርፋለች፣ አንድም ተከስክሳለች፤ ነገሩ አልቋል። እነርሱ ግን ገና እየወረደች ያለች ያህል ስክሪኑን አፍጥጠው ይጠብቁ ነበር። መሪ ልታዞርላት የምትችል እጅ ምድር ላይ አልነበረችም፤ ለዚህም ነው ራሷን በራሷ እንድታሳርፍ ተደርጋ የተሠራችው።

ፊልም የተፈጥሮን ሕግ ይጠብቅ ብዬ አልከራከርም። ደራሲው ከመጀመሪያው ከብርሃን የሚፈጥን ምልክት ተገኝቷል ቢለኝ አምኜው እከተለው ነበር። ነገር ግን ያን ቢል የበሩ ትዕይንት አይኖረውም ነበር። መዘግየቱን ሲያስፈራራን ተጠቀመበት፤ ሲያስቸግረው ጣለው።

መልስ 2፦ የጎርጎራ መርከብ

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ማርስ የማውቀው ነገር የለም። ይህንኑ ትርጉም ልጄ አምጥቶልኝ ስላየሁት ግን አንድ ነገር ለመናገር ፈለግሁ።

ሞባይል ባልነበረበት ዘመን ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የምንሄደው በመርከብ ነበር፤ መርከቡ ቁንዝላ ላይ አድሮ በማግስቱ ነበር የሚደርሰው። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው እዚያ ነበር። አንድ ጊዜ እናታችን ራሷ የፈተለችውን ጋቢ አሠርታ ጠቅልላ ሰጠችኝና ለመርከቡ ሰዎች አደራ ብዬ ላክሁለት። ብርድ ይዞታል ተብሎ ስለነበር «ቶሎ ይድረስለት» ብላ ወደብ ድረስ አብራኝ መጣች። ለካስ ጋቢው መርከቡ ላይ ሲጫን ወንድሜ ካረፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። ጋቢው ተመልሶ መጣ። ያመጡት ሰዎች ማታ ደርሰው ሳለ ምንም ሳይሉን አደሩ፤ መርዶው የተነገረን እንደ ወጉ ሲነጋ ነው። ያን ሌሊት እናቴ ስለ ልጇ ጤና ስትጸልይ ሰምቻታለሁ፤ የጎረቤት ሰዎች ደግሞ ነገሩን አውቀው ነበር።

ሰውየው ሰዓቱን እያየ ሲቀመጥ እኔ ያየሁት ያን ሌሊት ነው። ፈረንጅ የሠራው ፊልም የእኛን መርዶ እንዲህ አድርጎ ማወቁ አስደነቀኝ፤ ልጄን «ዝም በል፣ አትናገር» አልሁት። በኋላ ሰውየውና ሚስቱ ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ ሰዎች ሲነታረኩ ሳይ የሆነ ነገር ከእጄ የተቀማሁ መሰለኝ። ስለ ኦክስጅኑም ስለ ሐኪሙም ግድ የለኝም። ያን መጠበቅ ነው የወሰዱብኝ።

መልስ 3፦ የማለዳ ጤዛ

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኋችሁ፤ የአባታችን ታሪክ ደግሞ ልቤን ነካው። ሆኖም ፊልሙን ሦስት ጊዜ ያየሁ ሰው እንደመሆኔ መጠን ፍርዱ የቸኮለ ይመስለኛል።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ሴትየዋ በሩ የተከፈተ ጊዜ ሞታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በባሏ ልብ ውስጥ የሚሆን ነው። መዘግየቱ የጠፋው ለዚህ ነው፤ ሙት ለማናገር ርቀት የለም። ያዘነ ሰው ሟችን በሐሳቡ ሲያነጋግር መልሱን 28 ደቂቃ አይጠብቅም፤ ይጣላታል፣ ታቋርጠዋለች፣ ይቅርታ ይጠይቃታል። ኦክስጅኑ የማያልቀው በሐዘን ውስጥ ጊዜ ስለሚቆም ነው። ሐኪሙም የሚነሣው በሕልም ሙት ስለሚነሣ ነው። በመጨረሻም ባልየው ቁጥሩን ነግሮ የሚያድናት በእውነት ሊያደርግላት ያልቻለውን በሐሳቡ ስላደረገላት ነው። እንዲህ ሲታይ ስህተት የተባሉት ነገሮች ሁሉ ቦታ ያገኛሉ።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። ላዩ ያልገጠመ ነገር ስናይ ከሥሩ ወርቅ ይኖር ይሆን ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው፤ ለዚህ ፊልም ይህን ዕድል ለምን ነፈግነው?

መልስ 4፦ የቅኔ ደቀ መዝሙር

እህታችን የማለዳ ጤዛ፣ የጻፉት ትርጓሜ ከፊልሙ ይበልጣል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ሰምና ወርቅን ስላነሡ ግን በዚያው በኩል ልመልስ፤ እዚሁ ጎጃም ውስጥ በዋሸራ ስልት ለጥቂት ዓመታት ቅኔ ተምሬያለሁ።

ስሙ የመጣው ከአንጥረኛው ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተወው ባዶ ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ወርቁ ሰሙ ከተወለት ቅርጽ በቀር ሌላ ቅርጽ የለውም። ሰሙ ጎኑ የተሰበረ ከሆነ ወርቁም ጎኑ የተሰበረ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ተማሪ ቆጥሮ፣ ማለትም አስቦ ሲደርስ ያደረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ አስቀድመው ሰሙን የሚጠይቁት። ሰሙ በራሱ ቆሞ ካልሄደ ወርቁን ሳይሰሙ «ሂድና ቁጠር» ብለው ይመልሱታል። ይህ ባለ ስምንት ቤት በሆነው በመወድስ ብቻ ሳይሆን ሁለት ቤት ብቻ ባለው በጉባኤ ቃናም ይጠበቃል። እኔ ራሴ አንድ ወር ሙሉ በአንድ ጉባኤ ቃና ተመላልሻለሁ፤ ወርቁ ያምር ነበር፣ ሰሙ ግን አልሄደልኝም።

ደግሞም ወርቁ እንዲገኝ ባለቅኔው አንድ ኅብር ቃል ያስቀምጣል፤ ለሰሙም ለወርቁም የሚያገለግል ቃል። አድማጩ በዚያ ቃል በኩል ይገባል። ያ ቃል ከሌለ አድማጩ ወርቁን ያገኘው ሳይሆን ራሱ የሠራው ነው፤ ምስጋናውም ለባለቅኔው አይገባም። በዚህ ፊልም ውስጥ ሴትየዋ ሞታለች፣ የምናየውም የባልየው ሐሳብ ነው የሚያሰኝ ኅብር የት ላይ እንደ ተቀመጠ ቢያሳዩን እኔ የመጀመሪያው አማኝ እሆናለሁ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ባልየው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት እያለ ሁለቱ መሐንዲሶች ጣቢያው ውስጥ በሹክሹክታ ሲመካከሩ እናያለን። ያ ምክክር በማን ልብ ውስጥ ነው?

የማለዳ ጤዛ

ተኝቶ ሳለ የታየው ሕልሙ ሊሆን ይችላል። የኅብሩን ጥያቄ ግን ተቀብያለሁ፤ ፊልሙን እንደገና አይቼ እፈልጋለሁ።

መልስ 5፦ ተራኪ

ጠያቂው ትርጉሙ ይሆን ወይ ብለው ስለጠየቁ የእኔ ድርሻ ይመስለኛል። ይህን ፊልም የተረጎምኩት እኔ አይደለሁም፤ ሆኖም በሙያው ለስድስት ዓመታት ሠርቻለሁ፣ የፊልሙን ዋና ቅጂም አይቼ ከትርጉሙ ጋር አስተያይቼዋለሁ።

ትርጉም ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ለማታውቁት ባጭሩ ልንገር። አንድ ሰው የሁሉንም ድምፅ ይተርካል፤ የገዳዩንም፣ የሕፃኑንም፣ የሴቲቱንም። ንግግሩ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፋል፤ ከዚያ ከምስሉ ጋር እየተለካ ይነበባል። አማርኛው ረዝሞ ከተዋናዩ አፍ ካለፈ ይቆረጣል፤ ካጠረ ይሞላል። ለቤተሰብ የማይሆን ትዕይንትም ይወጣል። ከዚህ ፊልም 11 ደቂቃ ያህል ተቆርጧል። የተቆረጠውን ሁሉ ተመልክቻለሁ፤ የመሳሳም ትዕይንቶችና ስለ ጣቢያው አሠራር የሚናገር ረጅም መግቢያ ናቸው። መዘግየቱ ለምን እንደ ቀረ የሚያስረዳ አንድም ዐረፍተ ነገር በውስጣቸው የለም።

ይልቁንም የሚደንቃችሁን ነገር ልንገራችሁ። «አዲስ መሣሪያ ስለተገጠመ ምልክቱ ፈጥኗል» የሚለው ንግግር በዋናው ቅጂ ውስጥ ጭራሽ የለም። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሙዚቃ ብቻ ነው። ያን ዐረፍተ ነገር የጨመረው ተርጓሚው ነው። ለምን እንደ ጨመረው ይገባኛል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ሌሊት ብቻህን ጽሑፉን ስትሠራ ክፍተቱ ፊትህ ላይ ይመጣል፤ ተመልካቹ «ይሄ ትርጉም ቆርጦብን ነው» እንደሚል ታውቃለህ፤ ስለዚህ የሌላውን ሰው ቀዳዳ በራስህ ክር ትሰፋለህ። መምህሩ እንዳስረዱት ማብራሪያው በሳይንስ አይቆምም፤ ነገር ግን የፊልሙ ሠሪዎች ያላሰቡለትን ጥያቄ ያሰበው ያ ተርጓሚ ብቻ ነው።

ሌላም ላመሰግነው የምፈልገው ነገር አለ። በበሩ ትዕይንት ላይ ባልየው ሰዓቱን እያየ ሲቀመጥ በዋናው ቅጂ ምንም ንግግር የለም፤ የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ነው። ተራኪዎች ዝምታን እንፈራለን፤ «በጭንቀት ተውጦ ይጠብቃል» ምናምን እያልን መሙላት ይቀናናል። እርሱ ግን ዝም አለ። ጠያቂው እህቱ ክንዱን ጨምድዳ እንደያዘችው ሲጽፍ፣ ያ ዝምታ እንደ ሠራ ገባኝ።

ለእህታችን ለማለዳ ጤዛ፦ በዋናው ቅጂ የመጨረሻ ትዕይንት ሴትየዋ ወደ ምድር ተመልሳ ከመንኮራኩሩ ስትወርድ የሚቀበሏት ሠራተኞች በስሟ ይጠሯታል፤ ባሏ የሚደርሰው ከእነርሱ በኋላ ነው። በትርጉሙ ይህ አጥሯል። የባልየው ሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እርሱ ሳይደርስ ሌሎች አያዩዋትም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጠያቂ፦ የጣና ዳር ተመልካች

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ የመብረቁን ቆጠራ እህቴ ዝናቡ ሲጀምር ልትሞክረው ቀን እየጠበቀች ነው። አባቴ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ጋቢው ተመልሶ መጣ የሚለው ጋ ስደርስ «በቃህ» አለችኝ።

የእህታችን የማለዳ ጤዛ ትርጓሜ እውነት እንዲሆን በጣም ስለተመኘሁ ትናንት ማታ ፊልሙን እንደገና ከፍቼ ኅብሩን ፈለግሁ። የግድግዳው ሰዓት ይሆናል ብዬ ነበር። በሩ ከተከፈተ በኋላ ባለው ክፍል ሁሉ ሰዓቱ ቆሞ ቢገኝ፣ ወይም በ14 ደቂቃ ወደ ኋላ ቢቀር፣ ያ በቂ ምልክት ነበር። ምስሉን እያቆምኩ ሰዓቱ የሚታይባቸውን ቦታዎች ሁሉ በወረቀት ጻፍሁ። በጭቅጭቁ መጀመሪያ 4፡10 ይላል፤ ባልየው ሻይ ቀድቶ ሲመለስ 3፡55 ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ እዚያው ንግግር ውስጥ 4፡40 ይላል። ሥርዓት ያለው ነገር ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። ትዕይንቱ በተለያየ ጊዜ ተቀርጾ ሰዓቱን መልሶ የሚያስተካክል ሰው አልተገኘም፤ ከዚህ ሌላ ትርጉም ልሰጠው አልቻልኩም። ያ ሰዓት እኮ በመጀመሪያው አጋማሽ ከሰው በላይ የተናገረ ሰዓት ነበር። እህታችን እንደገና አይተው ሌላ ምልክት ካገኙ ግን እባክዎ ይጻፉልን፤ እጠብቃለሁ።

እህቴ የእናንተን መልስ ካነበበች በኋላ የመጨረሻውን ትዕይንት ደብተሯ ላይ እንደገና ጽፋዋለች። ፈቅዳልኝ ነው የማቀርበው። በእርሷ ታሪክ ሐኪሙ በእርግጥ ሞቷል፤ ገዳዩ ከሁለቱ መሐንዲሶች አንዱ ነው። 10 ሰከንድ ሲቀር ሴትየዋ ከምድር ምንም አትጠብቅም፤ ባሏ ምን እየሆነ እንዳለ እንኳ ገና አላየም። የበሩን ቁጥር የምታገኘው ራሷ ነው፤ ፊልሙ ሲጀምር በሐኪሙ አስከሬን መጠቅለያ ላይ ሲጻፍ ያየነው ቁጥር ነው፤ ሐኪሙ ከመሞቱ በፊት በሩን የቆለፈው በራሱ መለያ ቁጥር ነበርና። ቁጥሩን አስገብታ ወጥታ በሩን ከውጭ ትዘጋዋለች። ፍንዳታው ጣቢያውን ግማሹን ይወስደዋል፤ የመገናኛው ክፍል ግን ይተርፋል።

ባልየው በሩ ፊት የቆመችበትን ምስል የሚያየው ከ14 ደቂቃ በኋላ ነው። ቁጥሩን እርሱም ደርሶበታልና ማይክሮፎኑን ይዞ እየጮኸ ይነግራታል። እህቴ የጻፈችው የመጨረሻ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሌላ 14 ደቂቃ አለፈ። ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ የባሏ ድምፅ ቁጥሩን አንድ በአንድ ሲጠራ ተሰማ። አንዱንም አልተሳሳተም።»